ራሴን ልሸጥ የወጣሁበት ቅዳሜ

ሶሲዮሎጂ ተምሬያለሁ። ይህን የምነግራችሁ ለጉራ አይደለም፤ አዝናችሁልኝ ንባቡን እንድትቀጥሉ ነው። መቐለ ውስጥ በሶሲዮሎጂ ተመርቆ ሥራ መፈለግ ምን እንደሚመስል ላልደረሰበት ሰው ማስረዳት ይከብዳል። የማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት እጃችሁን ወደ ኋላ አጣምራችሁ ትቆሙና «አካውንቲንግ፣ አካውንቲንግ፣ ሲቪል ምህንድስና፣ ነርስ፣ አካውንቲንግ፣ ጥበቃ» እያላችሁ ወደ ታች ትወርዳላችሁ። ታች ስትደርሱ ሰሌዳው ያልቃል። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ስወርድ ኖሬያለሁ። ጥበቃውንም ጠይቄ ነበር፤ «ውትድርና ያገለገለ» ብለው መለሱኝ።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። ከወሎ መጥቶ መቐለ ሲከትም እኔ ገና አልተወለድኩም። ትዕግሥተኛ ሰው ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ «ሥራ አገኘህ?» ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። አንድ ምሽት ግን እራት በልተን እጃችንን እየታጠብን ሳለ፣ ስለ አየር ጠባይ በሚያወራ ሰው ድምፅ እንዲህ አለኝ።

«እንግዲህ ትምህርቱንም ተማርክ፣ ሰሌዳውንም አነበብክ። ይህ ወር እስኪያልቅ እይና ከዚያ በኋላ እኔ ጎን ትቀመጣለህ። ሁለተኛዋን የስፌት መኪና ዘይት ቀብቻታለሁ።»

የልብስ ስፌትን ሙያ ንቄ አይደለም። ሙያው ነው እኔን የናቀኝ። ተማሪ ሳለሁ አባቴ የአንድ መምህር ሱሪ አሳጥር ብሎ ሰጥቶኝ፣ አንዱን እግር ሁለት ጊዜ አሳጥሬዋለሁ። መምህሩ ጨዋ ሰው ስለነበሩ ሱሪውን ለብሰው፣ መስተዋት ፊት ቆመው፣ «እኔ ነኝ እንዴ የተጣመምኩት?» ብለው ነበር የጠየቁት። ከዚያ ቀን ወዲህ አባቴ ቁልፍ እንኳ አስተክሎኝ አያውቅም። እንግዲህ ይህ ሰው ዘይት ከቀባ ምን ያህል ተስፋ ቢቆርጥብኝ እንደሆነ ገምቱ።

ወሩ ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ዓዲ ሓቂ ያለው ካምፓስ ውስጥ በወሩ መጨረሻ ቅዳሜ የሥራ ዐውደ ርእይ ሊካሄድ ነው ተባለ። አሠሪዎች ጠረጴዛ ዘርግተው ይቀመጣሉ፤ ሥራ ፈላጊው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረ ይነጋገራል። የአሠሪዎቹ ዝርዝር በር ላይ ተለጥፎ ነበርና እንደ ልማዴ ወረድኩ። አካውንቲንግ፣ አካውንቲንግ፣ ምህንድስና... ከታች ሁለተኛው መሥመር ላይ ቆምኩ። አንድ የእርዳታ ድርጅት «የማኅበረሰብ አመቻች፤ ሶሲዮሎጂ፤ ብዛት አንድ» ይላል። ሶሲዮሎጂ! ቃሉን በጣቴ ነካሁት። ያ «አንድ» የተባለው እኔ እንደሆንኩ ለመጠራጠር ምንም ምክንያት አልታየኝም። ወይ በዚያ ቅዳሜ ያ ጠረጴዛ፣ ወይ በሰኞው ያቺ መኪና። ሌላ መንገድ አልነበረኝም።

ከዐውደ ርእዩ በፊት የሦስት ከሰዓት በኋላ ሥልጠና ተሰጠን። አሠልጣኙ እኛን የሚያክል፣ በክራባት የሚለይ ልጅ ነበር። የመጀመሪያው ቀን እጅ አጨባበጥ ተማርን። ጠበቅ አድርጉ አለን። እኛ አገር ትልቅ ሰው ስትጨብጥ ግራ እጅህን ቀኝ ክንድህ ላይ አሳርፈህ፣ ጎንበስ ብለህ ነው። እሱ «ቀጥ!» እያለ አገጫችንን ያቃናል። በሁለተኛው ቀን የአሠሪውን ዓይን ትክ ብሎ ማየት ተማርን። እኔ በልጅነቴ የአባቴን ዓይን ትክ ብዬ ባየሁ ቁጥር የሚከተለውን ስለማውቅ፣ የአሠልጣኙን ዓይን ሳይ ጆሮዬን በእጄ ሸፍኜ ነበር። የሦስተኛው ቀን ትምህርት ግን የባሰ ሆነ። «ራሳችሁን ሽጡ!» አለን። በሠላሳ ሴኮንድ ውስጥ ጥሩ ጥሩ ጎናችንን ለሰው መናገር አለብን ማለቱ ነው። ቤታችሁ ሄዳችሁ ቤተሰብ ፊት ተለማመዱ ብሎ አሰናበተን።

ሄድኩ። አባቴና እናቴ ተቀምጠው ሳለ ፊታቸው ቆምኩና ጉሮሮዬን ጠራረግሁ።

«እኔ ታታሪ፣ ተግባቢ፣ ፈጣንና የመምራት ችሎታ ያለኝ ወጣት ነኝ» አልኩ።

«አስተግፊሩላህ!» አለ አባቴ። «ሰው ራሱን እንዲህ ያወድሳል እንዴ?»

«እንዲህ ካላልኩ አይቀጥሩኝም፣ አባ።»

«ዕቃውን እየማለ የሚያወድስ ነጋዴ ስታይ ምን ትላለህ? ጨርቁ ላይ ቀዳዳ አለ ነው የምትለው። ጥሩ ሰውማ ሌላ ሰው ነው የሚመሰክርለት። አንተ ‹ኧረ እኔ ምን አውቄ› በል፤ እነሱ ‹ኧረ ታውቃለህ እንጂ› ይሉሃል።»

እናቴ በበኩሏ ነገሩን ከሌላ በኩል አየችው። «ቀስ በል ልጄ፣ ግድግዳም ይሰማል፤ ዓይን ይገባብሃል» ብላ በሩን ዘጋችው። ቀሪውን ሃያ ሴኮንድ በሹክሹክታ ተለማመድኩ።

አባቴ ግን ክፉ ሰው አይደለም። ራሴን ማወደስ ባይጥመውም እንድወድቅም አልፈለገም። «ምላስህ ይቅር፤ ልብስህ ይናገርልህ» አለና ሁለት ቀን አቀርቅሮ ሙሉ ልብስ ሰፋልኝ። ጨርቁ ለአንድ ሆቴል የዘበኞች ዩኒፎርም ሰፍቶ የተረፈው ጥቁር ሰማያዊ ነው። ይህ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ከዩኒፎርሙ የተረፉ ወርቃማ ቁልፎችም ነበሩትና እጁ አላስችል ብሎት ደረቴ ላይ ስድስቱንም ተከላቸው። ስለብሰው እናቴ «ማሻአላህ፣ ሹም መስለሃል» አለችኝ። እኔም መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ንጋት ላይ ከሰፈራችን ከሓድነት ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሾፌሩ በመስተዋቱ አየኝና ጫፍ ላይ ትርፍ የጫናቸውን ሁለት ሰዎች ሳይጠየቅ አወረደ። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ከወረዱት አንዱ «ዛሬ ደግሞ ትራፊኮቹ በቅዳሜም ጀመሩ!» ሲል ሰማሁት።

ካምፓሱ በር ስደርስ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በሩ የሚከፈተው ሦስት ሰዓት ነው። እንዲያም ሆኖ ስድስት ሰዎች ቀድመውኛል። ከሁሉ ፊት አንዲት ልጅ ዣንጥላዋን ተደግፋ ቆማለች። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ሰዉ መጉረፍ ጀመረ። የሚመጣው ሁሉ ሰልፉን ትቶ ወደ እኔ ቁልፎች ነበር የሚያመራው።

«ሓወይ፣ ምዝገባ ኣበይ እዩ?» አለኝ አንዱ። ወንድሜ፣ ምዝገባው የት ነው ማለቱ ነው። የዚያን ቀን ወሬ አብዛኛው በትግርኛ ነበር፤ ለእናንተ ብዬ እየገለበጥኩት ነው።

«እኔም እንደ አንተ ነኝ» አልኩት።

«እሺ፣ እንግዲያው መዝግበኝ» አለና ጠበቀኝ።

በዚህ መሐል ፊት ላይ «እኔ ቀድሜ ነበርኩ፣ ሻይ ልጠጣ ሄጄ ነው» በሚልና «ሻይህን እዚያው ጠጣ» በሚል ሰው መካከል ግፊያ ተጀመረ። ሶሲዮሎጂ የማይጠቅመው ለመቀጠር ነው እንጂ ለሰልፍ ይጠቅማል። አገራችን ውስጥ ሦስት ሰው አንድ ላይ ከጠበቀ አንዱ ወረቀት ማውጣቱ አይቀርም። ለስኳርም፣ ለሲሚንቶም፣ ለቀበሌ መታወቂያም በር ከመከፈቱ በፊት ስም የሚጽፍ ሰው አለ። ማንም አልሾመውም፤ ማንም ግን አይሽረውም። እኔም «ስም እንጻፍ!» ብዬ ጮህኩ። ግፊያው ወዲያው ቆመ። ከሲቪዬ አራተኛዋን ገጽ፣ «በትርፍ ጊዜዬ ማንበብ እወዳለሁ» የምትለዋን፣ አወጣሁና ጀርባዋ ላይ ቁጥር አንድ ብዬ ጀመርኩ።

«ለተብርሃን» አለችኝ ባለ ዣንጥላዋ። ቁጥር አንድ እሷ ናት። ቀጥዬ ሌሎቹን አምስት ጻፍኩ። ሰባተኛው ላይ ብዕሬ ቆመ። ሰባተኛው እኔ ነኝ። ነገር ግን ሰው ሁሉ ትከሻዬ ላይ ተንጠልጥሎ ወረቀቱን እያየ ነው። ጸሐፊው ራሱን አስቀድሞ ከጻፈ ዝርዝሩን ማን ያምነዋል? ይሉኝታ ያዘኝ። «እኔ በኋላ እገባለሁ» ብዬ ከኋላዬ የነበረውን ሰውዬ ሰባተኛ አደረግሁት። ሰውየው «ኧረ አንተ ቀድመህ ነበር» እንዲል ለአፍታ ጠበቅሁት። እሱ ግን የአባቱን ስም እያስጻፈኝ ነበር።

ለተብርሃን ሁለተኛውን ወረቀት ይዛ አገዘችኝ። ትግርኛዋ ፈጣን ነው፤ ወላዋዩን ሁሉ በአንድ እይታ መስመር ታስገባለች። ስንጽፍ ስናወራ እሷም ሶሲዮሎጂ እንደሆነች፣ ከእኔ ሁለት ዓመት ቀድማ እንደተመረቀች፣ እንደኔው ያንን አንድ ጠረጴዛ ብላ እንደመጣች ታወቀ። ሁለታችንም ወደየወረቀታችን አቀረቀርን። ከዚያ እንደ ጨዋ ሰው ሆንን።

«ይሁን፣ ለአንቺ ይሻላል፤ አራት ዓመት ጠብቀሻል» አልኳት።

«ኧረ በፍጹም! አንተ አማርኛም ትግርኛም እኩል ትናገራለህ፤ ላንተ ነው የሚሆነው» አለችኝ።

«ኧረ አንቺ ነሽ!»

«ኧረ አንተ!»

እንዲህ እየተባባልን ሌላ አርባ ሰው መዘገብን። ደስ የሚል ጨዋታ ነው። ሻይ ቤት ሒሳብ ሲመጣ ሁለት ሰዎች ተያይዘው የሚታገሉትን ትግል ታውቁታላችሁ፤ ማንም ማንንም አይጎዳበትም።

ሦስት ሰዓት ላይ ዘበኛው፣ አቦይ ግደይ የሚባሉ ሸምገል ያሉ ሰው፣ በሩን ከፈቱ። የተኮለኮለውን ሕዝብ አይተው ሊዘጉት ሲሉ በእጄ ያለውን ወረቀት አዩ። ፊታቸው በራ።

«አይዞህ ወደይ፣ አይዞህ ልጄ፣ እንዲህ ነው እንጂ የተማረ!» አሉኝ። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞረው አወጁ። «ሃያ ሃያ እየሆናችሁ ነው የምትገቡት! እሱ ከጠራው ውጪ ወፍም አይገባ!»

የሥልጣን ጣፋጭነት እዚያ ጋ ገባኝ፤ አልዋሻችሁም። ስም ስጠራ ሰዉ «አቤት!» እያለ ይሮጥ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም «አቤት» ብሎኝ አያውቅም። ድምፄን ወፈር አደረግሁ። አንዱ ለስምንት ዘመዶቹ ተራ ይዞ ተገኘና እንደ ዳኛ ዘመዶቹን በየተራ አቅርብ አልኩት። አንዲት እናት ልጇን አሳቀፈችኝና ገባች። ከካምፓሱ ቢሮ አንድ ሰውዬ መጥቶ ቁልፎቼን አየና «ከየት ክፍል ነህ? በጣም ጥሩ እየሠራህ ነው» ብሎ «አስተናጋጅ» የሚል ወረቀት ደረቴ ላይ ሰካልኝ። ልጁን እንዳቀፍኩ አመሰገንኩት።

ለተብርሃን ከመጀመሪያዎቹ ሃያዎች ጋር መግባት ነበረባት። አልገባችም። «ይህን ሁሉ ሰው ላንተ ጥዬ የት እገባለሁ?» አለች። እኔ እጠራለሁ፣ እሷ ትቆጥራለች፤ እኔ እከራከራለሁ፣ እሷ ታስታርቃለች። እውነቱን እንናገር ካልን ለሁለት ነበር የሠራነው። አንዱ ሊደባደብ ሲል ዣንጥላዋን መሐል አግብታ ከፍታ ሁለቱንም አስቃለች። ምሳ ሳንበላ ስምንት ሰዓት ሆነ።

ያን ጊዜ ነው በሕልም መሐል እንደ ነቃ ሰው የመጣሁበትን ያስታወስኩት። ልጁን ለእናቱ መለስኩና ወደ በሩ ሄድኩ።

«ስም?» አሉኝ አቦይ ግደይ።

«አቦይ ግደይ፣ እኔ ነኝ እኮ!»

«አንተ መሆንህን አየሁ። ሽምካ የለን፣ ስምህ የለም» አሉኝ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አይተው።

«ዝርዝሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ!»

«ለዚያ ነዋ የማላስገባህ። ጸሐፊው ራሱን አስገባ ሊሉኝ ነው። ይህ ሁሉ ሰው አንተን አምኖ ነው የቆመው፤ ልታሳፍረኝ ነው?»

ዞር ብዬ ሳይ ያ ሁሉ ሰው በእውነት አምኖ ቆሟል። ሕጉ የኔው ነው። በገዛ እጄ የመጨረሻዋ መሥመር ላይ ስሜን ጻፍኩ። አራት መቶ አሥራ ሦስተኛ ሆንኩ። ለተብርሃን ከት ብላ ሳቀችና «በል፣ አብረን እንገባለን፤ እኔም እቆያለሁ» አለች። በዚያ ደቂቃ ከወንድም እህት አስበልጬ ወደድኳት።

አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ገባን። አዳራሹ ውስጥ አሠሪዎቹ ባነራቸውን እየጠቀለሉ ነው። እኔ ወደዚያ ጠረጴዛ ሮጥኩ፤ ለተብርሃንም ከኋላዬ። አንዲት መነጽር ያደረገች ሴትና አንድ ብዕር የያዘ ሰውዬ ሊነሱ ሲሉ ደረስን። ከአዲስ አበባ የመጡ ናቸው፤ የሚያነጋግሩት በአማርኛ ነው። ሴትዮዋ ሰዓቷን አየች።

«አውሮፕላን ያመልጠናል፤ ቁሓ ድረስ መሄድ አለብን» አለች። «ሁለታችሁም ሶሲዮሎጂ ናችሁ? በሉ አንድ ላይ ተቀመጡ።»

ተቀመጥን። ሴትዮዋ ወደ ቁልፎቼ፣ ከዚያ ወደ ለተብርሃን ዣንጥላ አየች።

«እናንተ አይደላችሁ እንዴ በር ላይ የነበራችሁት?» አለች። «እኛ በመስኮቱ ስናያችሁ ነው የዋልነው። ምን ያህል ከተማ ዞረናል፤ በየከተማው በር ተሰብሯል፣ ሰው ተረጋግጧል። እዚህ ያን ሁሉ ሰው አንድም ጠብ ሳይነሳ አስተናገዳችሁት። የኛ ሥራ ማለት ይኸው ነው። ሰው ማደራጀት። ለመሆኑ ይህን የጀመረው፣ ያደራጀው ማን ነው?»

አያችሁ ጥያቄውን? ዕድል በሩን አንኳኩቶ ሳይሆን ሰብሮ ነበር የገባው። መልሱ አንድ ቃል ነው። «እኔ» ማለት ብቻ ነው። ሠላሳ ሴኮንድም አይፈጅም። አሠልጣኙ በክራባቱ ጆሮዬ ላይ «ሽጥ! ሽጥ!» ይለኛል። አፌን ከፈትኩ። ከአፌ የወጣው ግን የአባቴ ድምፅ ነበር።

«ኧረ እኔ ምን አደረግሁ» አልኩ ዓይኔን ወደ መሬት ጥዬ። «ሁሉን ያደረገችው እሷ ናት።»

ይህን ስል ምንም አልሰጋሁም። ይህ እኮ የታወቀ ነገር ነው። እኔ «እሷ ናት» እላለሁ፣ እሷ «ኧረ እሱ ነው» ትላለች፣ እኔ «ኧረ በፍጹም» እላለሁ፣ አሠሪዎቹም ሁለታችንን አይተው ይስቁና እውነቱን ራሳቸው ይደርሱበታል። ጠዋት አርባ ሰው እስክንመዘግብ የተጫወትነው ጨዋታ ነው። እናም አንገቴን ደፍቼ መልሱን ጠበቅሁ።

መልሱ ዘገየ። ቀና ስል ለተብርሃን ዣንጥላዋን ጭኗ ላይ አጋድማ እጀታውን እያየች ነው። ሰውየው ብዕሩን አነሳ።

«እውነት ነው?» አላት።

«አዎ» አለች።

አዳራሹ ውስጥ የሆነ ሰው ወንበር ሲያነባብር ይሰማኛል። አሁን ትቀጥላለች አልኩ በልቤ፤ አሁን «ግን» ትላለች።

«ያን ሁሉ ብቻሽን?» አለቻት ሴትዮዋ ተደንቃ።

ለተብርሃን ዞራ አየችኝ። ፊቷ ቀልቷል።

«እሱ ደግሞ ስም ሲጠራ ያግዘኝ ነበር» አለች።

ሰውየው ጻፈ። እኔ «በእርግጥ እኔም እንኳ...» ብዬ ጀመርኩ፤ ግን አንዴ አልሠራሁም ያለ ሰው ሠርቻለሁ ሲል ከሌባ ይቆጠራል። የጀመርኩትን ዓረፍተ ነገር በሳል ጨረስኩት። ሴትዮዋ በፍቅር ዓይን አየችኝ።

«ለባልደረባህ ያለህ ክብር እንዴት ደስ ይላል!» አለችኝ። «እንዲህ ያለ ትሑት ሰው ዛሬ አይገኝም።» ለለተብርሃን «ሰኞ ጠዋት እዚህ ወዳለው ቢሯችን ነይ» ብላ አድራሻ ሰጠቻት። ለእኔ የድርጅቱን ስም የያዘ እስክሪብቶ ሰጠችኝ።

ከአዳራሹ አብረን ወጣን። አቦይ ግደይ ባዶውን ግቢ እየጠበቁ «ቀናችሁ?» አሉን፤ እጅ ነስተናቸው አለፍን። ባጃጅ መቆሚያው ጋ ስንደርስ ለተብርሃን ቆመች።

«ልመልስልህ ነበር፤ ወላዲተ ኣምላኽ ትመስክርብኝ» አለችኝ። «አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ ሰውየው ብዕሩን አነሳ። ታናሽ እህቴ ዘንድሮ ትመረቃለች፣ ሓወይ። ከእሷ ጋር ጎን ለጎን ያ ሰሌዳ ፊት መቆም አልችልም።»

ተናድጄ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም። ልጮህባት ፈልጌ ነበር። ነገር ግን ዓይኗ እንባ አቅርሯል፣ እኔ ደግሞ ያሳደገኝን ሰው ታውቁታላችሁ።

«ምንም አይደል» አልኳት። «እንኳን ደስ ያለሽ። ደግሞም የሚገባው ለአንቺ ነው።»

ይህን ብዬ፣ አላህ ያሳያችሁ፣ እንደገና ጠበቅሁ። «ኧረ የሚገባውስ ላንተ ነበር» ትላለች ብዬ። ሥራው አንዴ ሄዷል፤ ቃሉን እንኳ ባገኝ ብዬ።

«የቐንየለይ» አለችኝ። አመሰግናለሁ ማለት ነው። ባጃጇ ስትመጣ ዣንጥላዋን ይዤላት አሳፈርኳት።

ቤት ስገባ አባቴ ከሱቅ ተመልሶ ተቀምጦ ነበር። ቁልፎቼን አየ፣ ፊቴን አየ። አልጠየቀኝም። ራሴ ጀመርኩና ከሚኒባሱ እስከ ባጃጁ ያለውን ሁሉ ነገርኩት። እናቴ መሐል ላይ «ልጅቱን አላህ ይይላት!» አለች። አባቴ በእጁ ዝም አሰኛት።

«አንተ ‹እሷ ናት› አልክ» አለኝ።

«አዎ።»

«እሷም ‹አዎ› አለች።»

«አዎ።»

«ሥራም ይጋበዛል እንዴ ልጄ? ምሳ ነው?»

«አንተ አይደለህ ወይ ‹እኔ ምን አውቄ በል› ያልከኝ!»

አባቴ ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋ። ከዚያ ሃያ ምናምን ዓመት አብሬው ስኖር ሰምቼው የማላውቀውን ነገር ነገረኝ።

«እዚህ ከተማ የመጣሁ ሰሞን ዋናው መንገድ ላይ አንዲት ሱቅ ተገኝታ ነበር» አለ። «ሁለት ሰፊዎች ፈለግናት፤ እኔና አንድ ያገሬ ልጅ። ቀድሜ የጠየቅሁት እኔ ነበርኩ። ባለ ሱቁ ሁለታችንን አስቀርቦ ‹ለማን ልስጥ?› አለን። እኔም ‹ኧረ ለሱ ስጠው፣ እሱ ባለ ትዳር ነው› አልኩ።»

«እሱስ ምን አለ?»

«‹ጀዛከላህ፣ አላህ ይክፈልህ› አለና ቁልፉን ተቀበለ።» አባቴ የሱሪውን ጉልበት በእጁ አስተካከለ። «ይኸው እኔ ጓሮ ያለችው ሱቄ ገባሁ። እሱ እስከ ዛሬ እዚያው ነው። ለዒድ ለዒድ ሥጋ ይልክልኛል።»

«ሥጋ ይባላል እንዴ ያ አጥንት!» አለች እናቴ ከጓዳ።

ለጠቅላላ ወገኔ አዘንኩ። ከዚያ ሐዘኑ ወደ ንዴት ዞረብኝ። «ታዲያ ይህን እያወቅህ እኔን ለምን እንዲህ አድርገህ አሳደግኸኝ?» አልኩት። ድምፄ ሳላስበው ከፍ ብሎ ነበር።

አባቴ መነጽሩን አወለቀና ዓይኖቹን አሸት አሸት አደረገ።

«ያ ሰው አንድ ቀን መጥቶ ‹ኧረ ሱቋስ ያንተ ነበረች› ይለኛል ብዬ ነዋ» አለኝ። «እስካሁን እኮ እየጠበቅሁት ነው።»